ስለ መቀራረብና ስለ ወሰን

ሁለት ነገሮች ሳይቀላቀሉ አንዱ ለሌላው የሕይወት ምክንያት ሊሆን ይችላልን? ይህ ጥያቄ ስለ ሰውና ስለ ጎረቤቱ ሲነሣ የኖረ ነው፤ ዛሬ ግን ዓይን በማያየው በሥጋ ውስጥ እንኳ ይነሣል።

የእንስሳ ሥጋ ሕዋስ ከሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ነው። (በመጻሕፍታችን ሕዋሳት የሚባሉት ማየት፥ መስማትና የመሳሰሉት ናቸው፤ የዛሬ ተማሪ ቤት ግን ስሙን ለዚህም ሰጥቶታል።) በሕዋስ ውስጥ ልዩ ልዩ ሥራ ያላቸው ክፍሎች በስስ ሽፋን ታጥረው ይኖራሉ። አንዱ እንደ መረብ ተዘርግቶ ቅባትንና ፕሮቲንን ይሠራል፤ ሁለተኛው፥ ሚቶኮንድሪያ የሚባለው፥ የምግብን ኃይል ለሥራ ያዘጋጃል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1950ዎቹ የሁለቱ መቀራረብ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ታየ፤ ሥዕሉ ታየ እንጂ ትርጓሜው አልተገኘም ነበር። በዚሁ አቆጣጠር በ1990 ዓ.ም. ጂን ቫንስ የተባሉ በካናዳ ይሠሩ የነበሩ ሴት ሊቅ ከአይጥ ጉበት ላይ፥ ከሚቶኮንድሪያ ጋራ ተያይዞ የሚገኘውን የመረቡን ክፍል ለይተው አወጡ፤ በዚያም ቅባት የሚሠራ መሆኑን ገለጡ።

በመካከላቸው ያለው ርቀት ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 30 ናኖሜትር ነው፤ ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ እጅ ነው። ፕሮቲኖች እንደ ማሰሪያ ሆነው ሁለቱን ሽፋኖች ያቀራርባሉ፤ ሽፋኖቹ ግን አይቀላቀሉም። በዚያች ጠባብ ስፍራ ቅባት ይሻገራል፤ ሚቶኮንድሪያም የተቀበለውን ለውጦ ሌላ ቅባት ያደርገዋል፤ ከዚያም ከፊሉ ወደ መረቡ ይመለሳል። ወሰኑ ባይኖር ሰጭም ተቀባይም ባልኖሩ ነበር። ፍቅር ወሰንን ማፍረስ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ቢመለከቱ መልካም ነው። ይህን ምሳሌ ይዞ ወደ ምሥጢረ ሥጋዌ የሚሮጥ ደቀ መዝሙር ግን ቢኖር ይታገሥ፤ በዚህ ያለው ጉርብትና እንጂ ተዋሕዶ አይደለምና።

የነገሩ ጭንቅ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። በዚያው በር ካልሲየም ይሻገራል። በልክ ሲሆን ሚቶኮንድሪያ ለሥራው ይበረታል፤ ከልክ ሲያልፍ ግን ያብጣል፥ ሽፋኑም ይቀደዳል፥ ሕዋሱም ይሞታል። በሩ ይዘጋ እንዳይባል፥ ሲዘጋ ደግሞ ኃይሉ ይደክማል።

ሕዋስ ፈቃድ የለውምና ስለ መብዛቱም ስለ ማነሱም አይጠየቅም። ሰው ግን ልጁን ሲገሥጽ፥ ወዳጁን ሲመክር፥ ለድኃም ሲሰጥ ልኩን ያልፍና «ስለ ፍቅር አደረግሁት» ይላል። ተቀባዩ የሚችለውን ሳይጠይቅ የሰጠ ሰው በዚህ ቃል ነጻ ይወጣልን?