ኃይልና ጠባይ

ወጣትነት የጉልበት ዘመን መሆኑ የታወቀ ነው። ጉልበት ግን እንደ እሳት ነው፤ ወጥም ያበስላል፣ ቤትም ያቃጥላል። ስለዚህ ጉልበትን የሚጨምር ትምህርት ሁሉ አንድ ጥያቄ ይከተለዋል። ሰውን መጣልና መምታት የተማረ ወጣት በጠባዩ ይሻሻላልን ወይስ ይብስ ይከፋል? በየከተማችን ቴኳንዶና ካራቴ የሚማሩ ወጣቶች ብዙዎች ናቸው። «ልጄ ድብድብ ተማረብኝ» ብለው የሚሰጉ ወላጆችም አይጠፉም። እኛም ጁዶ የተባለውን የጃፓን ትግል ምሳሌ አድርገን ነገሩን ልንመረምር ወደድን።

ጁዶን የመሠረቱት በ1860 እ.ኤ.አ. የተወለዱት መምህር ጂጎሮ ካኖ ናቸው። በተማሪነታቸው ዘመን ሰውነታቸው ትንሽ ስለ ነበረ ጉልበተኞች ያጠቋቸው ነበር። ራሳቸውን ለመከላከል ሲሉ ጁጁትሱ የተባለውን የቆየ የትግል ጥበብ ተማሩ። በ1882 እ.ኤ.አ. በቶኪዮ ከተማ በአንድ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ውስጥ፣ 12 ምንጣፍ ብቻ በምትይዝ ክፍል፣ ጥቂት ተማሪዎች ይዘው ኮዶካን የተባለውን ትምህርት ቤታቸውን ጀመሩ። ስሙንም ለወጡት። ጁጁትሱ የገርነት ጥበብ ማለት ሲሆን ጁዶ ግን የገርነት መንገድ ማለት ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ጥበብን ክፉ ሰውም ሊይዘው ይችላል፤ መንገድ ግን ወዴት ያደርሳል ተብሎ ይጠየቃል።

ይህ መንገድ የሚጀምረው ብዙ ሰው ከማይጠብቀው ቦታ ነው። ጀማሪው አስቀድሞ የሚማረው ሌላውን መጣልን ሳይሆን ራሱ መውደቅን ነው። አናቱ መሬት እንዳይመታ አገጩን ወደ ደረቱ ይሰበስባል፤ የውድቀቱ ኃይል በአንድ ቦታ እንዳያርፍ በክንዱ ምንጣፉን ይመታል። ይህንኑ ደጋግሞ ይለማመዳል። መውደቅን የሚፈራ ሰው ሰውነቱን ገትሮ ይቆማል፤ የገተረ ደግሞ በቀላሉ ይጣላል። ትዕቢትም እንዲሁ ነው። በፈተና መውደቅን፣ በሰው ፊት መታረምን እንደ ሞት የሚቆጥር ወጣት ትንሽ ግፊት ይሰብረዋል። ወድቆ መነሣትን የለመደ ግን ነገ ደግሞ ይሞክራል።

ሁለተኛው ትምህርት፣ ማንም ብቻውን ጁዶን ሊማር አለመቻሉ ነው። አንዱ እንዲማር ሌላው ሰውነቱን ማበደር አለበት። ዛሬ እኔ እወድቅልሃለሁ፤ ነገ አንተ ትወድቅልኛለህ። ከትግሉ በፊትና በኋላ እጅ መነሣሣት የተደነገገውም ስለዚህ ነው። ጓደኛውን በግድየለሽነት የሚሰብር ሰልጣኝ የገዛ ትምህርቱን ይሰብራል። ካኖ ከተዉአቸው መመሪያዎች አንዱም ራስንና ሌላውን አብሮ መጥቀም የሚል ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። በጁዶ ከፍ ወዳለ ደረጃ የደረሱ ሰልጣኞች አንገት በማነቅ ወይም ክርንን በመቆልመም ማሸነፍ ይፈቀድላቸዋል። የተያዘው ሰው መቋቋም ሲያቅተው በእጁ ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርጋል። ያን ጊዜ የያዘው ወዲያውኑ መልቀቅ ግዴታው ነው። እስቲ ይህን እናስተውል። የሌላው ክንድ፣ አንዳንዴም እስትንፋሱ፣ በእጃችን ነው፤ ንዴትም አለ፣ የድል ጥማትም አለ። አንዲት ትንሽ ምልክት ግን ይህን ሁሉ ታቆመዋለች። የጠባይ መለኪያ መያዝ መቻል ሳይሆን በዚያች ቅጽበት መልቀቅ መቻል ነው።

በ1964 እ.ኤ.አ. ጁዶ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ሲገባ፣ በቶኪዮ የሆነው ነገር ይህን ያስረዳል። ክብደት ሳይለይ በሚደረገው ግጥሚያ ፍጻሜ ላይ ኔዘርላንዳዊው አንቶን ጌሲንክ ጃፓናዊውን አኪዮ ካሚናጋን በሀገሩ ሕዝብ ፊት ምንጣፍ ላይ ይዞ አሸነፈው። የኔዘርላንድ ደጋፊዎች በደስታ ወደ ምንጣፉ ሊሮጡ ሲሉ ጌሲንክ እጁን አንሥቶ አገዳቸው። የተሸነፈው ሰው ገና አጠገቡ ነበርና፣ ሥርዓቱም አልተፈጸመም ነበር። ጌሲንክ በዚያ ቀን ካሚናጋን ብቻ ሳይሆን የገዛ ደስታውንም ገታ።

«ታዲያ ሠልጥነው ጉልበተኛ የሆኑስ የሉምን?» የሚል ይኖራል። በእርግጥ አሉ። ምንጣፍ ብቻውን ሰውን መልካም አያደርግም፤ እጅ መንሣትም ልብ ከሌለበት አንገትን ማጎንበስ ብቻ ነው። ሥልጠና የሚሰጠን ልማድን ነው፤ ልማዱን ወደ ቤትና ወደ ጎረቤት ይዘን መሄድ የእኛ ፈንታ ነው። እዚያ ደግሞ ፈተናው ይብሳል። ከምንጣፍ ውጭ የተጨነቀ ሰው መታ መታ አያደርግምና። በክርክር የረታነው ጓደኛችን ፊቱ ይጠቁራል እንጂ «በቃኝ» አይልም። ታናሽ ወንድማችን ቁጣችንን ፈርቶ ዝም ይላል። በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እኅታችን የተሰነዘረባትን ቃል ዋጥ አድርጋ ሥራዋን ትቀጥላለች። ይህን ዝምታ እንደ ምልክት ቆጥሮ የሚለቅ ሰው የገርነትን መንገድ በእውነት ተምሮአል ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ ጉልበታችንን ማሠልጠን መልካም ነው፤ የሚነቀፍበትም ምክንያት የለም። ነገር ግን በየዕለቱ ራሳችንን «ማንን ጣልሁ?» ብለን ሳይሆን «ዛሬ ማን ከእጄ በታች ነበረ? በጊዜውስ ለቀቅሁትን?» ብለን እንጠይቅ።