የመሰለ ሁሉ ዘመድ አይደለም

በጆርጂያኛ ዝንብ «ቡዚ» ይባላል። የነገረኝ ትብሊሲ ሆኖ አብሮን የሚሠራ ፕሮግራመር ነው። «ዝ» እና «ብ»፤ የኛዋ ዝንብም እኮ እነዚሁ አሏት! በዚያ ላይ ጆርጂያኛ እንደ አማርኛ ጥ፣ ጭ፣ ጵ የሚሉ ድምፆች አሉት። የጠፋ ዘመድ ያገኘሁ መሰለኝ። ማታውኑ የቃላትን መመሳሰል የምትለካ ትንሽ ኮድ ጻፍኩ። የምፈልገውን መለሰችልኝ። ምን ታድርግ፣ የጠየቅኳት መመሳሰልን ብቻ ነበር።

ጓደኛዬ ሳቀብኝ። «ብዙይሊ ማለት ጥዝዝታ ነው፤ ተርብም ብዚቂ ናት» አለኝ። ለካ ስሙ የክንፉ ድምፅ ቅጂ ነው። ጆሮ ያለው ሕዝብ ሁሉ ተቀራራቢ ስም ሊያወጣ ይችላል። ለዚህ ነው የቋንቋ አጥኚዎች እንዲህ ያሉ ቃላትን ለዝምድና ምስክር አድርገው የማያምኗቸው። ይልቅ ጆርጂያኛ «ቃትሲ» የሚለውን ሜግሬልኛ «ቆቺ» ይለዋል፤ ሁለቱም «ሰው» ማለት ናቸው። ብዙም አይመሳሰሉም፤ ግን የአንድ የካርትቬል ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ጆርጂያኛ «ኣ» የሚልበትን ሜግሬልኛ በብዙ ሌሎች ቃላትም «ኦ» ይለዋል። ይህ ደንብ ነው፤ ደንብ ደግሞ ይፈተናል፣ ሊወድቅም ይችላል። የኔ ደስታ ግን መውደቂያ አልነበረውም።

ነገሩ የቃል ጨዋታ ብቻ አይደለም። የኩታይሲው ተወላጅ ኒኮላይ ማር የዓለም ቃላት ሁሉ ሳል፣ ቤር፣ ዮን እና ሮሽ ከሚባሉ አራት ሥሮች ወጡ ብሎ አስተማረ፤ የሶቪየት መንግሥትም አነገሠው። እ.ኤ.አ. በ1929 በአደባባይ የተቃወመው ይቭጌኒ ፖሊቫኖቭ ከሥራው ተገፋ፤ በኋላም በስለላ ተከሶ በ1938 ተረሸነ። በዚያው ዓመት አርኖልድ ቺኮባቫ የላዝኛ፣ የሜግሬልኛና የጆርጂያኛ ንጽጽራዊ መዝገበ ቃላቱን አሳተመ። በ1950 ማርን «ፕራቭዳ» ላይ ተቸ፤ ስታሊንም ራሱ ብዕር አንስቶ ማርን አወገዘ። እውነቱ እንኳ ነፃ የወጣው በአምባገነን ፈቃድ መሆኑ ያሳዝናል።

እኛስ? ሁለት ስሞች ስለተመሳሰሉ ብቻ ዘር የምንቆጥር፣ መሬት ይገባናል የምንል ስንት ነን? የምጠላውን ሐሳብ መጠራጠር ለማንም አይከብድም። ታማኝነት የሚለካው ደስ ባለን መልስ ላይ ይመስለኛል።

ኮዷን አላጠፋኋትም። ከላይዋ አንድ መስመር ብቻ ጨመርኩ፦ «ይህች መመሳሰልን እንጂ ዝምድናን አትለካም።»