ስርዝ ድልዝ የሌለበት

ፍርድ ቤት ስርዝ ድልዝ ያለበትን ወረቀት አይወድም። ውል ይሁን አቤቱታ፣ ኑዛዜ ይሁን የእርቅ ስምምነት፣ መሐሉ ከተፋቀ ጥያቄ ይበዛበታል። ማን ሰረዘው? መቼ ሰረዘው? ከፊርማው በፊት ነው ወይስ በኋላ? ስለዚህ መካነ ሰላም ላይ ማመልከቻ እየጻፍን የምናድር ሰዎች ከሁሉ አስቀድመን የምንማረው ንጹሕ ወረቀት ማውጣት ነው። በእጅ በምጽፍበት ዘመን አንዲት ቃል ከተበላሸች ገጹን ሙሉ እንደገና መገልበጥ ግድ ነበር። ባለጉዳዩ አውቶቡስ ሊያመልጠው ነው፣ እኔ ደግሞ ገና ከ«ለቦረና ወረዳ ፍርድ ቤት» እጀምራለሁ።

ዛሬ ያ ጣጣ የለም። ደሴ ያለችው የእህቴ ልጅ በአቀስታ በኩል በሚመጣ መኪና ታጣፊ ኪቦርድ ላከችልኝ። ሲታጠፍ ከኪስ ዳዊት አይበልጥም። ጉልበቴ ላይ ስዘረጋው ይበራል፣ በብሉቱዝ ከስልኬ ጋር ይያያዛል፣ ኔትወርክም ሽቦም አይጠይቅም። መብራት በጠፋ ቀን እንኳ ባትሪው እስካለ ድረስ ሥራ አይቆምም። መጀመሪያ ያስቸገረኝ ፊደሉ ነበር። ቁልፎቹ ላይ የታተመው የፈረንጅ ፊደል ነው፤ ኪቦርዱ ሲያያዝ ደግሞ ስክሪኑ ላይ የለመድሁት የፊደል ገበታ ይሰወራል። ልጅቷ በስልክ እየመራችኝ ሌላ መተግበሪያ ጫንሁ። አሁን ኤስን ነክቼ ኢን ሳስከትል እሳቱ ሰ ትመጣለች፤ ኤስን ብደግማት ወደ ንጉሡ ሠ ትሻገራለች። ጣቴ ለምዶታል። ጽፌ ስጨርስ በቴሌግራም ወደ ኮምፒውተር ቤት እልካለሁ፤ ባለጉዳዩ እዚያ ሄዶ አሳትሞ ይፈርማል።

ከቁልፎቹ ሁሉ ጽሑፏ ቀድማ የለቀቀችው ከላይ በቀኝ ጥግ ያለችው የማጥፊያዋ ናት። ብዙ ጊዜ የምነካት እኔ ስለተሳሳትሁ አይደለም፤ ሰው «አጥፋው» ስለሚለኝ ነው። አንድ ገበሬ ወንድሙ ድንበር እንደገፋበት ሊያመለክት መጣ። ንዴቱ ገንፍሎ ወንድሙን «የእናቱን ጡት ነካሽ» አለው፤ እኔም እንዳለው ጻፍሁ፤ ልማዴ ነው፣ መጀመሪያ ሰው እንደሚናገረው እጽፋለሁ፣ ኋላ ወደ ሕግ ቋንቋ አመጣዋለሁ። መልሼ ሳነብለት ዝም አለ። ከዚያ «አያ፣ እሷን እንኳ አጥፋልኝ፤ እናታችን አንድ ናት» አለኝ። ቁልፏን ተጭኜ ያዝሁ። ስድቡ ከመጨረሻው ፊደል ወደ መጀመሪያው እያፈገፈገ አለቀ። ሰውየው አንገቱን አስግጎ ስክሪኑን ሲያይ ቆይቶ «አሁን የለም አይደል?» ብሎ ጠየቀ።

የለም አልሁት። ለእሱ ያልሁት እውነት ነው። ለእኔ ግን ጥያቄው ከእሱ ጋር አልሄደም። መሰረዝ ይቅርታ ነው? እግዚአብሔር ኃጢአትን ሲደመስስ የሚደመስሰው እንዲህ ነው?

እኔ ዳዊት የደገምሁት ቄስ ትምህርት ቤት ነው፤ ብራና ሲጻፍም በልጅነቴ አይቻለሁ። ብራና ላይ ስሕተት ሲገኝ ቁም ጸሐፊው ብርዑን ያስቀምጥና ቢላ ያነሣል። ቀለሙን በስሱ ይፍቃል፣ ቦታውን ያለሰልሳል፣ በላዩ ይጽፋል። ሉ ለማለት ሊ ከሆነበት ሙሉዋን ፊደል አይፍቅም፤ እግሯ ሥር ያለችውን ቅጥያ ብቻ ፍቆ ወገቧ ላይ ይተክላታል። ግን ገጹን ወደ ብርሃን ብታነሣው ፋቁ ይታያል፤ ቆዳው እዚያ ላይ ሳስቷል። ስልኩ ይህን አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ለፊደላችን ቦታ ሲሰጥ እያንዳንዷን ሆሄ ከነቅጥያዋ አንድ አድርጎ ቆጠራት። ስለዚህ ማጥፊያዋን ስነካ ሊ ከሥሯ ትነቀላለች፤ እግሯን ብቻ ማረም የሚባል ነገር የለም። የተነቀለችበት ቦታም አይሳሳም። ቀጣዩ ፊደል ተንፏቅቆ ይገባበታል።

አንዳንዱ ሰው ይቅርታ እንዲህ ይሁንልኝ ይላል፤ ሃይማኖታችንም የሚደግፈው ይመስላል። በጥምቀት ሰሞን ከቤተ ክርስቲያን የማይጠፋውን ትምህርት ማን ያላወቀ አለ? ዲያብሎስ አዳምንና ሔዋንን የእሱ ባሪያዎች መሆናቸውን አስጽፎ፣ ያን የዕዳ ደብዳቤ አንዱን በዮርዳኖስ፣ አንዱን በሲኦል አኖረው። ጌታ ሲጠመቅ የዮርዳኖሱን፣ ሲሰቀል የሲኦሉን ደመሰሰው። ጳውሎስም ለቆላስይስ ሰዎች ሲጽፍ በእኛ ላይ የነበረው የዕዳ ጽሑፍ ተደምስሶ በመስቀል መቸንከሩን ይናገራል። ታዲያ ይህ ያለ ፋቅ፣ ያለ ጠባሳ መጥፋት አይደለም?

ነው፤ ግን የጠፋው ምን እንደሆነ እንይ። የጠፋው ዕዳው ነው። የአዳም ታሪክ አልጠፋም፤ በየዓመቱ ይነበባል፣ ይተረካል። ባሪያ ነህ የሚለው ጽሑፍ ተሻረ እንጂ አዳም ከዛፉ አልበላም የተባለበት ቀን የለም። እኛ ግን «አጥፋው» ስንል ብዙ ጊዜ የምንፈልገው ዕዳው እንዲከፈል ሳይሆን ነገሩ እንዳልተደረገ እንዲቆጠር ነው።

ይህን ልዩነት ያሳየኝ ዳዊት ራሱ ነው። መዝሙር 50ን የማይደግም የለም። ዳዊት በዚያች መዝሙር መተላለፉ እንዲደመሰስለት ይለምናል፤ ወዲያው ደግሞ ኃጢአቱ ሁልጊዜ በፊቱ እንደሆነ ይናገራል። ደምስስልኝ ያለውን ነገር ከፊቱ አላራቀውም። ነቢዩ ናታን እግዚአብሔር ኃጢአትህን አርቆልሃል ብሎታል፤ ስለዚህ ይቅርታው አጠራጣሪ አይደለም። ግን የማቴዎስን ወንጌል የመጀመሪያ ምዕራፍ ክፈቱ። የጌታ የትውልድ ሐረግ ሲቆጠር ሰሎሞን የተወለደው ከማን ነው ይላል? ቤርሳቤህ አይላትም፤ የኦርዮ ሚስት ይላታል። ኦርዮ በጦር ግንባር ላይ ተትቶ የተገደለ፣ ሚስቱን የተነጠቀ ሰው ነው። ዘር አልቆመለትም፤ ስለ እሱ የሚከስ ወገን አልተነሣም። በወንጌሉ በር ላይ ግን ስሙ ተጽፎ ይጠብቃል። ዳዊት ምሕረት አግኝቷል፣ ኦርዮ ግን አልተሰረዘም።

እዚህ ላይ ነው የማጥፊያዋ ቁልፍ የማታውቀው ነገር ያለው። እሷ ለነኳት ትታዘዛለች፤ የተጻፈው የማን ቁስል እንደሆነ አትጠይቅም። ገበሬው ያስጠፋው የራሱን አፍ ስድብ ነው፤ ይህ መልካም ነው፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሳይደርስ ቢመለስ ማን ይጠላል? በሌላው ላይ የተደረገ ነገር ግን የአድራጊው ንብረት አይደለም።

አጥር የምንጋራው ሼህ ጎረቤቴ ይህን ስነግራቸው አልገረማቸውም። በቀኝና በግራ ሆነው የሰውን ሥራ የሚጽፉ መላእክት እንዳሉ፣ ተውበት ላደረገም አላህ መሐሪ እንደሆነ ነገሩኝ። «የሰው ሐቅ ሲሆን ግን» አሉኝ፣ «ባለሐቁ ዘንድ መሄድ አለ። መመለስ ያለበት ይመለሳል፣ ካልሆነም አውፍ በለኝ ይባላል። አላህ ያንተን ይምርሃል፤ የጎረቤትህን በሬ ግን ይዘህ ሶላት ብትቆም በሬው ይጮህብሃል።» የእኛም የንስሐ አባት ከዚህ የራቀ አይናገርም። ኃጢአቱ ይፈታል፣ ቀኖናውም ይሰጣል፤ የሰው ገንዘብ ከሆነ መልስ ይባላል። ሁለቱም ሃይማኖት የሚያውቀው ይቅርታ መንገድ ያለው ነው፤ አንድ ጣት ተጭኖ የሚያልቅ አይደለም።

ሕጉም ቢሆን በዚህ ከስልኩ ይሻላል። በ1958 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 91 አቤቱታ ማሻሻልን ይፈቅዳል፤ የመጀመሪያው አቤቱታ ግን ተቀድዶ አይጣልም፣ መዝገቡ ውስጥ ከተሻሻለው ጋር ይቀመጣል። ቁጥር 92 ደግሞ የተጻፈው እውነት ለመሆኑ ማረጋገጫ ይጠይቃል። ያችን የማረጋገጫ መስመር ስልኬ ላይ አስቀምጫት በየማመልከቻው ግርጌ እለጥፋታለሁ። ስለማልጽፋት ልማድ ሆና እንዳትቀር እየሰጋሁ፣ ከማስፈረሜ በፊት ለባለጉዳዩ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብለታለሁ።

አንድ ጊዜ ባልና ሚስት ታርቀው የእርቁን ወረቀት እንድጽፍ ከነሽማግሌዎቻቸው መጡ። ባል ሚስቱን መትቷል፤ ነገሩ የታወቀ ነው። የባል ወገን «በመካከላችን በተፈጠረው አለመግባባት ብለህ አስገባው» አለኝ። የተለመደች አባባል ናት፤ ጣቴ ሳያስብ ይጽፋታል። መቺና ተመቺ በእሷ ውስጥ እኩል ጥፋተኛ ሆነው ይገባሉ። ሽማግሌዎቹም ፊት እንዳይጠቁር ብለው ተስማሙ። ሴትዮዋን ጠየቅኋት። ነጠላዋን እያስተካከለች «መምታቱም ይጻፍ፤ ይቅር ማለቴም ከሥሩ ይጻፍ። ያልተመታሁ ከሆነማ ምኑን ነው ይቅር ያልሁት?» አለች። እንደዚያው ተጻፈ፣ ባልየውም ፈረመ። እሷ ተዉት ብትል ኖሮ እተወው ነበር፤ ባለሐቋ እሷ ናትና።

የጻፍንበትን ምድር አንርሳ። አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ የዚህ የእኛ አገር ሰው ነው፤ ገዳሙም በዚሁ በኩል ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ መጽሐፈ ምሥጢርን ሲደርስ የሰባልዮስን፣ የአርዮስን፣ የንስጥሮስን ስሕተት አልደበቀም። አንድ በአንድ አንሥቶ መልስ ጻፈበት። ስሕተትን በዝምታ ከማጥፋት ጽፎ መመለስ እንደሚሻል የተማርነው ከቤታችን ነው።

የሚቃወመኝ ሰው አለ፤ መልስ ይገባዋል። ቁስልን ሁልጊዜ ማንበብ ቂም ማሳደር አይደለም ወይ ይለኛል። ደም ለማድረቅ የሚቀመጡ ሽማግሌዎች ያለፈው አይነሣ ብለው የሚያስምሉት በከንቱ አይደለም። እውነት ነው፤ እነሱ ግን አይነሣ የሚሉት ሁሉም ነገር በሸንጎ ከተነገረ፣ ገዳይ ገደልሁ ካለ፣ ካሣው ከተቆረጠ በኋላ ነው። ያልተነገረን ነገር አይነሣ ማለት ቂምን ከመሬት በታች መቅበር ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ስለዚህ አሁን ሰው «አጥፋው» ሲለኝ ያንተ ነው ወይስ የሌላ ብዬ እጠይቃለሁ። የራሱ ስድብ፣ የራሱ ዛቻ ከሆነ በደስታ አጠፋለሁ። በሌላው ላይ ያደረገው ከሆነ ግን ከባለቁስሉ አፍ ካልሰማሁ ጣቴን አላነሣም። ይህን የምለው ይቅርታን ለማክበድ አይደለም። ዳዊት ውርደቱን በመዝሙሩ አርዕስት ላይ፣ ናታን ወደ እሱ የገባበትን ምክንያት ከነቤርሳቤህ ስም ተሸክሞ፣ ይኸው ዓለም ሁሉ ይደግምለታል። ይህን ሊሸከም የቻለው ዕዳው ስለተሰረዘለት ነው። በእውነት ምሕረት ያገኘ ሰው ታሪኩ ሲነበብ ተቀምጦ ያዳምጣል፤ ታሪኩ ይጥፋልኝ እያለ የሚለምነው ዕዳው ገና ያልተከፈለበት ነው።