ሠራተኛ ስለ ምን ይታክታል?

ብዙ ሰዎች አንድ ሥራ በኅብረት ሲጀምሩ በመጀመሪያው ሳምንት የታየው ትጋት በሁለተኛው ወር ይጠፋል። ይህ በመንግሥት መሥሪያ ቤትም፥ በፋብሪካም፥ በደብር አስተዳደርም ያው ነው። አለቃ የሆነ ሰው ይህን ባየ ጊዜ አስቀድሞ የሚመጣለት ዐሳብ ሠራተኛው ሰነፈ የሚል ነው፤ ስለዚህ ወይ ይገሥጻል፥ ወይ ደመወዝ ይቈርጣል፥ ወይም ሰብስቦ የማበረታቻ ንግግር ያደርጋል። እኛ ግን ከተግሣጹና ከንግግሩ የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ እንላለን፤ ይኸውም የሠራተኛው ድካም ከየት መጣ? የሚለው ነው። ምናልባት ከራሱ ከአለቃው ቤት የመጣ ሊሆን ይችላልና።

ለዚህ ነገር ከመጽሐፈ ነህምያ የበለጠ ምስክር አናገኝም። ነህምያ የፋርስ ንጉሥ የአርጤክስስ ጠጅ አሳላፊ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ445 ዓመት ገደማ የኢየሩሳሌም ቅጥር እንደ ፈረሰ፥ በሮቿም እንደ ተቃጠሉ ሰምቶ፥ ከንጉሡ ፈቃድ ተቀብሎ ወረደ። በከተማይቱ ሦስት ቀን ከተቀመጠ በኋላ ጥቂት ሰዎች ይዞ በሌሊት ተነሣ፤ ዐሳቡንም ለማንም ሳይገልጥ፥ የተቀመጠባት እንስሳ ማለፊያ እስክታጣ ድረስ ፍርስራሹን እየዞረ በዓይኑ አየ። ሕዝቡን ለሥራ የጠራው ከዚህ በኋላ ነው። ሥራውን ሳያይ ሠራተኛ የሚያዝዝ አለቃ ስንት ነው!

ሥራው ሲከፈል ብዙዎቹ በየቤታቸው አንጻር ያለውን ክፍል ያዙ። ሽቱ ቀማሚው፥ ወርቅ ሠሪው፥ ነጋዴው፥ ካህኑ ሁሉ ድርሻ ነበረው፤ ሰሎም የተባለው አለቃም ከሴቶች ልጆቹ ጋር ሠራ። በደጁ ፊት ያለውን ቅጥር የሚሠራ ሰው፥ ጠላት ቢመጣ አስቀድሞ የሚገባው በእርሱ ቤት እንደ ሆነ ያውቃልና ተቈጣጣሪ አያሻውም። በአገራችንም ደቦ የጠራ ገበሬ ጠላውን አቅርቦ እርሱ ከጥላ ሥር ቢቀመጥ፥ የጠራቸው ሰዎች እጅ ወዲያው ይዝላል።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ መልካም አደላደል ሳለ ሕዝቡ ታከተ። ተሸካሚዎቹ ጉልበታቸው እንዳለቀ፥ ፍርስራሹም እንደ በዛባቸው ተናገሩ። ከውጭም ሰንባላጥና ጦብያ ይዝቱ ነበር። ነህምያ ለዚህ መላ አላጣም፤ እኩሌታው ጦር ይዞ ሲጠብቅ እኩሌታው ሠራ፤ መለከት ነፊውም ከአጠገቡ ቆመ፤ እርሱና አገልጋዮቹ ልብሳቸውን ሳያወልቁ አደሩ። እውነቱን ለመናገር፥ የውጭ ጠላት ሠራተኛን አንድ ለማድረግ ይረዳል እንጂ እምብዛም አይበትነውም።

ከባዱ ሌላው ነው። ሕዝቡ ከነሚስቶቻቸው በገዛ ወንድሞቻቸው ላይ ጮኹ። በረኃብ ጊዜ እህል ለመግዛት፥ ለንጉሡም ግብር ለመክፈል እርሻቸውንና የወይን ቦታቸውን አስይዘው ነበር፤ ከሴቶች ልጆቻቸውም ለባርነት የተሰጡ ነበሩ። አበዳሪዎቹ ደግሞ መኳንንቱና ሹማምንቱ ነበሩ። እርሻው በሹሙ እጅ ለተያዘበት ሰው ስለ ኅብረትና ስለ ትጋት ቢሰብኩለት ምን ይጠቅመዋል?

ነህምያ ይህን ሰምቶ ተቈጣ፤ ሆኖም ከመናገሩ በፊት ነገሩን በልቡ መረመረ። ከዚያም መኳንንቱን ወቀሰ፥ ጉባኤም ጠራ፤ በጉባኤውም ፊት እርሱ ራሱ፥ ወንድሞቹና አገልጋዮቹም ገንዘብና እህል ማበደራቸውን አልሸሸገም። ወለዱን ተዉ ብሎ በሌሎች ላይ ብቻ አልፈረደም፤ ራሱን ጨምሮ እንተው አለ እንጂ። እርሻው፥ ወይኑ፥ ወይራው፥ ቤቱም ለባለቤቶቹ እንዲመለስ አደረገ፤ ካህናቱንም ጠርቶ አበዳሪዎቹን አስማለ። በዚህ ቦታ ጥቂት ልንቆይ ይገባናል፤ ቅጥሩ ሳያልቅ፥ ጠላት በደጅ ቆሞ ሳለ ስለ ብድር ጉባኤ መጥራት ሥራ መፍታት ይመስላልና። ብዙ ሥራ አስኪያጅ በእርሱ ቦታ ቢሆን፥ አሁን ጊዜው አይደለም፥ ሥራው ሲፈጸም እንነጋገራለን ባለ ነበር። ቅጥሩ ግን በ52 ቀን ተፈጸመ።

ደግሞም ገዥ ሆኖ በኖረባቸው በ12ቱ ዓመታት ለገዥ የሚሰጠውን ቀለብ አልወሰደም፤ ከእርሱ በፊት የነበሩት ግን ከእንጀራውና ከወይኑ ሌላ 40 ሰቅል ብር ይወስዱ ነበር፥ ሎሌዎቻቸውም በሕዝቡ ላይ ይሠለጥኑ ነበር። ይህን ስንል የደብር አለቃ ደመወዙን ይተው ማለታችን አይደለም፤ ቤተ ሰብ አለውና። ነገር ግን የካህናቱ ደመወዝ 2 ወር ዘግይቶ የአለቃው አበል በቀኑ የሚከፈል ከሆነ፥ ለማኅሌት የዘገየውን መሪጌታ ከመቈጣቱ አስቀድሞ የሒሳብ መዝገቡን ይመልከት ማለታችን ነው።

እንግዲያስ ሰነፍ የለም ወይ? የሚለን ይኖራል። አለ። የቴቁሐ ታላላቆች ለሥራው ትከሻቸውን እንዳልሰጡ በዚያው መጽሐፍ ተጽፏል፤ ነህምያ ግን ሥራውን አቁሞ ሲከራከራቸው አናይም። ተራው የቴቁሐ ሕዝብ ድርሻውን ከፈጸመ በኋላ እስከ ዖፌል ቅጥር ድረስ ሁለተኛ ክፍል ጨምሮ ሠራ፤ ያውም የገዛ ታላላቆቹ እጃቸውን አጣጥፈው ሳሉ።