መቅረብ ሁሉ ፍቅር ነው?

ከሆለታ ተነሥታችሁ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እንደ ተተከለ ወደሚነገርለት ወደ መናገሻ ሱባ ደን ብትጓዙ፣ ከጽዱ ላይ ጉሬዛ ታያላችሁ። ያን ጊዜ እጃችሁ ወደ ብስኩቱ ይሄዳል፤ ጉሬዛው ጠጋ እንዲልና ፎቶ እንድታነሡት። ይህ ደግነት ነው?

እ.ኤ.አ. በ1960 ጄን ጉዳል የዱር ቺምፓንዚዎችን ለማጥናት ዛሬ ታንዛኒያ ወደምትባለው አገር፣ ወደ ጎምቤ ሄደች። ኋላም እንዲቀርቧት ሙዝ ትሰጣቸው ጀመር። ቀረቧት፤ ነገር ግን በሙዙ ዙሪያ ጠብ በረታ፤ ስጦታውንም መቀነስ ግድ ሆነ። ትወድዳቸው ነበር፤ ፍቅሯ ግን ሙዙ የሚያመጣውን ጠብ አላስቀረም።

የጉሬዛም ምግብ በአብዛኛው ቅጠል ነው። ብስኩቱ የሚያስፈልገው ለእርሱ ሳይሆን ለእኛ ፎቶ ነው።

“ጌታስ ቀርቦን የለም ወይ?” ትሉ ይሆናል። አዎ፣ ቀርቦናል፤ የቀረበን ግን ስለ እኛ ብሎ እንጂ ለራሱ ጥቅም አይደለም። በዘፍጥረት 2፥15 ለሰው የተሰጠው አደራም ጠባቂነት ነው፤ መጠበቅ ደግሞ አንዳንዴ እጅን መሰብሰብ ነው።

ከደኑ ስትመለሱ ይህን ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ፦ ለተቸገረ ጓደኛዬ የምሰጠው እንዲሻለው ነው ወይስ እንዲከተለኝ?