አውሬን መጠበቅ የማን ዕዳ ነው?

ሰው ላሙን ስለ ወተቷ፥ በሬውን ስለ እርሻው፥ ውሻውን ስለ ደጁ ይጠብቃል። ይህ ከብልኅነት እንጂ ከቸርነት አይቈጠርም። ነገር ግን የማይታለበውን፥ የማይጠመደውን፥ ሥጋውም የማይበላውን አውሬ ሰው ሊጠብቀው ይገባዋልን? ይገባዋል ከተባለስ ወጪው በማን ላይ ይውደቅ?

ለዚህ ጥያቄ በሰሜን ሸዋ፥ በመንዝ ምድር ያለው የጓሳ ደጋ መልካም ምሳሌ ይሆናል። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከፍታውም ከ3,200 ሜትር ይበልጣል። በላዩ የሚበቅለው የጓሳ ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ እጅግ የተመረጠ ነው። በሣሩ ውስጥ አይጥና ፍልፈል ይርመሰመሳሉ፤ እነዚህንም እያደነ ቀይ ቀበሮ ይኖራል። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ደጋዎች በቀር በዓለም ላይ በየትም አይገኝም፤ ለአካለ መጠን የደረሰውም ሁሉ ቢቈጠር ከ500 እንደማይበልጥ ይገመታል።

የመንዝ አባቶች ጓሳን ቄሮ በሚባል ሥርዓት ብዙ ዘመን ጠብቀውታል። ርስቱ የአስቦና የጌራ ዘሮች ነበረ፤ የመረጡትም አለቃ ምድሩን ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጋው ነበር። በዚያ ጊዜ ሣር ማጨድ፥ ከብት ማሰማራት፥ እንጨትም መልቀም ክልክል ነበረ፤ ትእዛዙን የተላለፈ በብርቱ ይቀጣ ነበር። ሣሩ ሲደርስ ወይም ድርቅ ሲጸና ምድሩ ይከፈታል፤ ባለርስቱም በየድርሻው ያጭዳል።

ምናልባት አንድ ሰው፦ «እነዚህ የጠበቁት የቤታቸውን ክዳን እንጂ ቀበሮውን አይደለም፤ ታዲያ ምን ምስጋና ይገባቸዋል?» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ ስለ ቀበሮው ብለው አላደረጉትም። ዳሩ ግን ጣራው እያፈሰሰ፥ ሣሩንም በዓይኑ እያየ፥ ማጭዱን ሰቅሎ ተራውን የሚጠብቅ ሰው ትልቅ ነገር ተምሯል፤ ይኸውም እጅ የደረሰበት ሁሉ የሚወሰድ አለመሆኑን ነው። ቀበሮውም ከሰው የሚፈልገው ከዚህ ብዙ አይበልጥም።

ሥርዓቱ ግን ነቀፌታ አልነበረበትም አይባልም። ከአስቦና ከጌራ ዘር ያልተወለደ ሰው እንደ ባለርስቱ ያለ መብት አልነበረውም። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ በሆነ ጊዜ ይህ መለያየት ቀረ፤ ከእርሱ ጋራም ጥበቃው ፈረሰ። ምድሩ የሁሉ ሲሆን ጠባቂ አጣ፤ እያንዳንዱም «እኔ ብተወው ሌላው ይወስደዋል» እያለ ጊዜውን ሳይጠብቅ ያጭድ፥ ከብቱንም ያሰማራ ጀመር። እንግዲህ ድርሻ ተነፍጎ የኖረ ሰው ድርሻውን ማግኘቱ ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ ድርሻው ሲሰጠው የመጠበቅ ዕዳ አብሮ አለመሰጠቱ ነው። ኋላ የዙሪያው ቀበሌዎች ሰዎች ይህን አይተው፥ ወኪሎቻቸውን መርጠው፥ የመዝጋትንና የመክፈትን ልማድ እንደ ገና አቆሙ።

የቀረው ነገር የከተማውን ሰው ይመለከታል። እርሱ በቆርቆሮ ጣራ ሥር ተቀምጦ «ቀበሮው ይጠበቅ፥ ሣሩም አይነካ» ቢል ከራሱ ምንም አልሰጠም፤ የሰጠው የድኻውን የቤት ክዳን ነው። የሌላውን ገንዘብ መስጠት ደግሞ ምጽዋት አይባልም። ቀበሮው የአገር ሁሉ ጌጥ ከሆነ የመጠበቂያውም ወጪ የአገር ሁሉ ሊሆን ይገባል። የዘበኛው ደመወዝ አለ። ከመንደር ውሻ ወደ ቀበሮ የሚተላለፈውን የእብድ ውሻ በሽታ ለመከላከል ውሾቹን መከተብ ያስፈልጋል። ሣሩን ለተወ ገበሬም ሌላ የክዳን መንገድ መፈለግ ተገቢ ነው። ይህን ሳይከፍሉ መንደርተኛውን ብቻ በሕግ ማስፈራራት ፍርድ ማጓደል ነው።

ድርሻ የሌለው ጠባቂ ይሰለቻል፤ ዕዳ የሌለበት ባለድርሻም ያጠፋል። ሁለቱ በአንድ ሰው እጅ ሲገናኙ ግን ሣሩም ቀበሮውም ለልጅ ልጅ ይተርፋሉ።