ማዕረግና ስመ ክርስትና

በሥራ ላይ ሳለ የተገደለ ፖሊስ አስከሬኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ካህኑ ጸሎተ ፍትሐት ሊያደርሱለት በተነሡ ጊዜ፣ አስቀድመው የሚጠይቁት ማዕረጉን ወይም የመለያ ቁጥሩን ሳይሆን ስመ ክርስትናውን ነው። ሣጥኑን በትከሻቸው ተሸክመው የመጡት፣ ከእርሱ ጋር በኬላ ያደሩት፣ የመጨረሻ ቃሉን የሰሙት ባልደረቦቹ ብዙ ጊዜ ይህን ስም አያውቁትምና እርስ በርሳቸው ተያይተው ዝም ይላሉ፤ መልሱም በአርባ ቀኑ ለጥምቀት ይዛው ከሄደችው እናት ይመጣል። ገብረ ሥላሴ ትላለች፣ ወይም ወልደ ሚካኤል፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮም ሟቹ በመንግሥት መዝገብ በአንድ ስም፣ በመሠዊያው ፊት በሌላ ስም ይጠራል። በግዳጅ ላይ የሞተን ሰው መዘከር ምን ማለት እንደ ሆነ ባሰብሁ ቁጥር ልቤ የሚያመራው በእነዚህ በሁለቱ ስሞች መካከል ወዳለው ርቀት ነው።

ይህን የምጽፈው ከሞጆ ወደ መቂና ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ ላይ ስላለችው፣ ስሟ ራሱ ምርቃት ስለሚመስለው ስለ ዓለም ጤና ከተማ እያሰብሁ ነው። ሰማዩ በጠራ ጊዜ ከዚህ ሜዳ ላይ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ያለበት የዝቋላ ተራራ ይታያል፤ በ1953 ዓ.ም. የታኅሣሥ ወር አጋማሽም፣ ከዚህ በስተ ሰሜን በሞጆ አቅራቢያ፣ ስለ ግዳጅና ስለ ታማኝነት የሀገራችንን ሕሊና እስከ ዛሬ የሚያስጨንቅ አንድ ታሪክ ፍጻሜውን አገኘ።

ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል ሳሉ ታኅሣሥ 4 ቀን የተነሣውን መፈንቅለ መንግሥት ከመሩት መካከል፣ ከክብር ዘበኛው አዛዥ ከጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ከወንድማቸው ከግርማሜ ጋር፣ የፖሊስ ሠራዊት አዛዥ የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል ጽጌ ዲቡ ይገኙ ነበር፤ እርሳቸውም በአዲስ አበባው ውጊያ ሞቱ። በዚያው ሳምንት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታስረው ከነበሩትና ነገሩ ሲከሽፍ በጥይት ከተገደሉት መኳንንትና ሚኒስትሮች አንዱ ራስ አበበ አረጋይ ነበሩ፤ እኒህም ሰው በ1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባ ሲገባ የከተማይቱ የፖሊስ አለቃ ሆነው የነበሩና ተከታዮቻቸውን ይዘው ወደ ዱር ወጥተው አምስት ዓመት የተዋጉ አርበኛ ናቸው። እንግዲህ አንዱ የቀድሞ፣ አንዱ የጊዜው፣ ሁለት የፖሊስ አለቆች በአንድ ሳምንት ውስጥ በተቃራኒ ወገን ወደቁ። ታኅሣሥ 15 ቀን ሸሽተው የነበሩት ሁለቱ ወንድማማቾች በሞጆ አካባቢ ተከበቡ፤ ግርማሜ በዚያው ሞቱ፤ ጄኔራሉ ቆስለው ተያዙ፣ በመጋቢትም በአደባባይ ተሰቀሉ።

ከእነዚህ ሙታን ማንኛው ነው ግዳጁን ሲፈጽም የሞተ? የዚያ ዘመን መንግሥት መልሱን ሳያመነታ ሰጠ፤ አንዱን ታማኝ፣ ሌላውን ከዳተኛ አለ። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ የመጣው ዘመን ደግሞ መዝገቡን ገልብጦ ከዳተኞች የተባሉትን የለውጥ ፋና ወጊዎች አድርጎ አወደሳቸው። በሰንደቅ ዓላማ ላይ የተሰቀለ ዝክር ሰንደቁ ሲወርድ አብሮ እንደሚወርድ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘሁም። በዚያ ሳምንት ከሁለቱም ወገን የሞቱት፣ ማን ማንን እንዳዘዘ እንኳ በቅጡ ሳያውቁ የወደቁት ተራ ሰዎችማ፣ ከየትኛውም ዘመን መዝገብ ሙሉ ስፍራ አላገኙም፤ ያዘነላቸውም፣ የዘከራቸውም፣ አርባቸውንና ሙት ዓመታቸውን ያወጣላቸውም በየቤቱ የቀረ ዘመድ ብቻ ነው።

አንዳንድ ሰው ፖሊስ ደመወዝ ተቀብሎ የሚያገለግል ስለ ሆነ ሞቱ የሥራው ዕጣ እንጂ ስጦታ አይደለም ይላል። ይህ ቃል ጨካኝ ቢመስልም ሊመለስለት የሚገባ ነው፤ ታዝዞ የሄደ ሰው ነፍሱን ሰጠ ማለት እንችላለንን? መጋቢት 14 ቀን 2010 ዓ.ም. በደቡብ ፈረንሳይ በትሬብ ከተማ፣ አርኖ ቤልትራም የተባለ የጃንደርም መኮንን በአንድ ገበያ ውስጥ በታጣቂ እጅ በነበረች ሴት ፈንታ ራሱን አሳልፎ ሰጥቶ ገብቶ በማግሥቱ በደረሰበት ጉዳት ሞተ፤ ይህ ከግዳጅ ያለፈ፣ ቤዛነት ተብሎ ሊጠራ የሚገባው ግብር ስለ ሆነ ጥያቄው በእርሱ ላይ አይነሣም። ጥያቄው የሚነሣው በሌሊት ጥበቃ ላይ ሳለ ከጨለማ በተተኮሰ ጥይት በወደቀው፣ ለመምረጥ ጊዜ ባላገኘው በዚያ ሰው ላይ ነው። እኔ ግን የእርሱ ፈቃድ በሞቱ ሰዓት ሳይሆን በየማለዳው ይታያል እላለሁ፤ ቆቡን ደፍቶ፣ ልጆቹን ስሞ፣ ማታ እንደሚመለስ ሳያውቅ፣ ወዳጁ ስላልሆነና ምናልባትም ስለሚሰድበው ሰው ሊቆም ከቤቱ የወጣ ሁሉ ስጦታውን አስቀድሞ ሰጥቷል፤ ጥይቱ የመጣው ከዓመታት በኋላ ቢሆንም።

ይሁን እንጂ እንዲህ ያለውን ሰው ወዲያውኑ ሰማዕት ብሎ ለመጥራት እጄን አልዘረጋም። ሰማዕት ምስክር ማለት ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችን ከምታከብራቸው ወታደር ሰማዕታት እነ ቅዱስ ጊዮርጊስና ቅዱስ ፋሲለደስ አክሊል የተቀበሉት ሰይፍ ስለ ታጠቁ ሳይሆን እምነታቸውን አንክድም ስላሉ ነው። ታላቁ ባስልዮስም በጦር ሜዳ የገደሉ ሰዎች፣ ነፍሰ ገዳይ ባይባሉ እንኳ፣ ሦስት ዓመት ከቅዱስ ቍርባን ቢታቀቡ መልካም ነው ብሎ መክሯል፤ የታጠቀ እጅ ለመልካም ነገር ቢታጠቅም ንጽሕናው ሊጠየቅ እንደሚገባው ያውቅ ነበርና። ለዚህም ነው ፍትሐት የሚለውን ቃል የምወደው። ፍትሐት መፍታት ነው፤ ካህኑ ሟቹ ጀግና ነበር ብለው አያውጁም፣ ከኃጢአቱ እንዲፈታ ይለምናሉ እንጂ፤ በዚህም ልመና ውስጥ ሰውዬው ሙሉ ሰው ሆኖ ይገኛል፣ ጠብቆም በድሎም ሊሆን የሚችል ሰው።

ይህን የምለው በዚህ ስምጥ ሸለቆ ምድር የፖሊስ ዝክር ቀላል ነገር ስላልሆነ ነው። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ በሆራ አርሰዲ የኢሬቻ በዓል ላይ የጸጥታ ኃይሎች የለቀቁት አስለቃሽ ጭስ ባስነሣው ግርግር፣ መንግሥት ራሱ ባመነው ቍጥር እንኳ ከ50 በላይ ሰዎች አልቀዋል፤ የእነዚያ እናቶች ያንኑ ልብስ ለብሶ ለወደቀ ሰው እንዲያለቅሱ ማን ሊያዛቸው ይችላል? የኦሮሞ ሽማግሌዎች ደም ሲፈስ የሁለቱን ወገን ጎሳ አስቀምጠው የደም ካሣ የሆነውን ጉማ ያወጣሉ፤ ጉማ ግን ደሙ የማን እንደ ሆነ ሊታወቅ ይፈልጋል፣ የመንግሥት ልብስ የለበሰ ሰው ደም ግን የመንግሥት ነው ተብሎ ከጎሳውም ከእናቱም እጅ የሚወሰድበት ጊዜ አለ። እስላም ጎረቤቶቻችን በበኩላቸው ስለ አላህ መንገድ በጥበቃ ነቅታ ያደረች ዓይን እሳት እንደማይነካት ከነቢያቸው ትምህርት ይናገራሉ፤ ይህን ስሰማ ሁልጊዜ በመንገድ ዳር ቆመው የሚያነጉት ትዝ ይሉኛል።

ባለፈው ጊዜ በዓለም ጤና ሳልፍ መሽቶ ነበርና ኬላው ላይ አንድ ወጣት ፖሊስ መኪናችንን አስቁሞ፣ መታወቂያችንን በባትሪ ብርሃን እያየ መለሰልን። ስንት ዓመት በዚያ መንገድ ስመላለስ ያላደረግሁትን አድርጌ ስሙን ጠየቅሁት። ልከስሰው የፈለግሁ መስሎት ደንገጥ አለና በደረቱ ላይ ያለውን ቍጥር እያሳየኝ፣ «ምን አጠፋሁ፣ አባቴ?» አለኝ። ምንም እንዳላጠፋ ነግሬ፣ ቍጥሩን ሳይሆን እናትህ የምትጠራህን ስም ነው አልሁት። ጥቂት ቆየ፤ ከዚያም ባትሪውን አጥፍቶ ነገረኝ።